የአባዬ ፎልደር አልከፈት አለ

ሰኞ 3

ዛሬ ጠዋት አባዬ ፓስወርዱ ጠፋበት። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቴም እምቢ አለው። ከዚያ ኪቦርዱን ገፋ አድርጎ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የከፈተው ኮምፒውተር ነው።

"ምንም አይደል አባዬ፣ ይሄ እኮ የኔ ሥራ ነው" አልኩት። ቢሮ ውስጥ በቀን ለአሥር ሰው የማደርገው ነገር ነው። በራሴ አካውንት ገብቼ አዲስ ፓስወርድ ሰጠሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንድ የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ አለ፣ እንደ ሁልጊዜው "ቀጥል" ብዬ አለፍኩት።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ግን አልከፈት አሉ። ስማቸው ይታያል፤ ሲጫኗቸው "አክሰስ ዲናይድ" ይላሉ። መግባት ክልክል ነው ማለት ነው። ሰውየው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጽሑፉ።

ማታ። እስቲ ረጋ ብዬ ልጻፍ። አባዬ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበር፣ የብረት ፊደል ከሳጥን እያነሳ ገጽ የሚደረድር። መርሳት ሲጀምረው ሐኪሟ "መርሳቱ አይቆምም፤ ግን ይጻፍ፣ የጻፈውንም በየቀኑ ያንብብ" አለች። እሱም ጻፈ። ማን ማን እንደሆነ፣ ምን የት እንዳለ፣ እማዬ ምን ትል እንደነበር። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ያህል ያነባል፣ ከወንበሩ ሲነሳ ሁላችንንም አውቆን ይነሳል። የሰፈሩ ሰው "አባትሽ እኮ ምንም አልሆኑም" የሚለኝ በዚያች አንድ ሰዓት ምክንያት ነው።

ነገ አስተካክለዋለሁ።

ማክሰኞ 4

በችኮላ፣ ከሥራ በፊት። የፎልደሩን ፐርሚሽን አየሁ። የአባዬ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ፣ "ሙሉ ፈቃድ" ይላል። ለራሴም ሰጠሁ። ለሁሉም ሰው ሰጠሁ። እምቢ። አጥፍቼ አበራሁት። እምቢ። አውቶቡሱ አመለጠኝ።

አባዬ በሩ ላይ፦ "ተከፈተ?"

"ማታ አባዬ።"

ሐሙስ 6

የፋይሎቹን ባለቤትነት ወደ ራሴ ስም አዞርኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይል አንድ በአንድ ሲያልፍ ቁጭ ብዬ አየሁ። አሁን ባለቤታቸው እኔ ነኝ፤ ባለቤቷን ግን አያስገቧትም።

ስማቸው በአረንጓዴ ቀለም ነው የተጻፈው። ለምን እንደሆነ ለጊዜው አላስታውስም።

ስሞቹን አነበብኳቸው፣ ከስም በላይ የሚነበብ ስለሌለ። "የቤቱ ቁልፎች የት እንደሚቀመጡ።" "የልብስ ሰፊዋ ልጆች፣ ትልቁና ትንሹ።" "የሚጣ እናት የማትወዳቸው ነገሮች።" "ሚጣ ስትቆጣ።" ሚጣ እኔ ነኝ፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እሱ ዘንድ ግን ሚጣ ነኝ። ስቆጣ ምን እንደማደርግ ሙሉ ገጽ ጽፏል ማለት ነው። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

ጋሼ ደወለ፤ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ራቅ ያለ ከተማ ይኖራል፣ ምክር በስልክ ይልካል። "አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ" አለኝ። "የገዛ አባትሽን ኮምፒውተር ካልከፈትሽ የማንን ልትከፍቺ ነው?"

"ፓስወርዱ ጠፍቶበት ነው" አልኩት። እውነቴን ነው። ጠፍቶበት ነው።

እሑድ 9

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። አካውንቱ ራሱ ተበላሽቷል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ቢሮ እንዲህ ሲያጋጥም የድሮውን አካውንት ሰርዘን አዲስ እንከፍታለን፣ ሰውየው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሥራው ይቀጥላል። ስለዚህ ሰረዝኩት። ሲስተሙ "ፋይሎቹ ይቀመጡ ወይስ ይጥፉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ይቀመጡ አልኩ። ሞኝ አይደለሁም።

አባዬ ከኋላዬ ወንበር ስቦ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። መነጽሩን አድርጎ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

አልተከፈተም። "ደክሞሻል፣ ተይው" አለኝ። ጮህኩበት። ምን ብዬ እንደጮህኩ አልጽፈውም።

ረቡዕ 12

ከሥራ በኋላ ወደ ቀስ በል ሱቅ ሄድኩ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ጥገና ቤት ከፍቷል። ለተማሪ ሁሉ "ቀስ በል" ሲል ኖሮ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ፊቱ ግን ማንም አይጠራውም።

"ስማቸው አረንጓዴ ነው?" አለኝ ገና ሳልጨርስ።

"አዎ።"

"እንግዲያው የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ፈቃድ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ እሱን አባረሽዋል። ይሄ ግን ጽሑፉ ራሱ ነው የተቆለፈው። መፍቻው ያለው አባትሽ አካውንት ውስጥ ነው፣ መፍቻውን የሚያነቃው ደግሞ የድሮው ፓስወርድ ነው። አዲስ ስትሰጪው ማስጠንቀቂያ አልመጣም?"

"አላስተዋልኩም።"

"ለማንኛውም አልመሸም" አለ ቀጥሎ። "አባትሽ የድሮውን ፓስወርድ ካስታወሱ አካውንቱ ላይ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ፣ ወዲያው ይከፈታል። አካውንቱ አለ አይደል?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "አለ" አልኩት።

አሁን ቤት ተቀምጬ ለምን እንዳልኩ አስባለሁ። አስተምሮኛል፣ ሰው ፊት "ከተማሪዎቼ ሁሉ እሷ" ሲል ሰምቼዋለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ እሱ ፊት እንዴት... ደግሞም ተሰረዘ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። የተሰረዘ ነገር ከዲስክ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ያኔ ፓስወርዱ ያስፈልገኛል። ስለዚህ አባዬን ብጠይቀው ከንቱ አይደለም።

ቅዳሜ 15

"አባዬ፣ ፓስወርዱ ስም ነበር ወይስ ቁጥር?"

"የምን?"

"የኮምፒውተሩ።"

"አንቺ አይደለሽም እንዴ የምታውቂው?"

የእማዬን ስም ሞከርኩ፣ የኔን፣ የጋሼን፣ የሁላችንንም የልደት ቀን፣ የድሮውን ስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር። አካውንቱ ተሰርዞ የምን ላይ እንደምሞክር ማንም አይጠይቀኝ። ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አስቀምጣለሁ፣ የማውጫው ፕሮግራም የተሰረዘውን ካገኘ ዝግጁ እንዲሆንልኝ። ሁለት ገጽ ሞላሁ።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ስትናገር ሰማሁ። እኔ ሥራ ስውል አባዬን የምታይልኝ ጎረቤቴ ናት። "አባባን እኮ እንደ ፖሊስ ነው የምትመረምራቸው" አለችው። "እኔ ጋ መጥተው 'ያቺ ልጅ ፈተና አበዛችብኝ፣ አንድም አልመለስኩላትም' አሉኝ። አንጀቴን በሉት።"

መስኮቱን ዘጋሁ። ምናለ ቀስ ብላ ብታወራ።

ሰኞ 17

ቢሮ። እስከ ምሳ ድረስ ስድስት ሰው ፓስወርድ ረስቷል። ስድስተኛው የማከማቻ ክፍሉ ሰውዬ ነው፤ ያቺ የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ ስትል እጄን ከማውሱ አነሳሁና አነበብኳት። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሙሉውን ሳነባት የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ፓስወርድ በዚህ መንገድ መቀየር የተጠቃሚው የተቆለፉ ፋይሎች መልሰው በማይገኙበት ሁኔታ እንዲጠፉ ሊያደርግ ይችላል፣ ትላለች። አራት መስመር ናት።

ሰውዬው "ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?" አለኝ።

"የለም፣ እያነበብኩ ነው።"

"ማንበብ አለው ደግሞ?" ብሎ ሳቀ።

ዓርብ 21

ጋሼ ከአባዬ ጋር በስልክ አወራ፣ ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ መጣ።

"ማን ልበል ይለኛል እኮ! እኔን!"

"ፓስወርዱ ቢገኝ ኖሮ..."

"ፓስወርድ ፓስወርድ አትበይኝ። እሱ አሁን የራሱን ስም ቢያስታውስ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ነበረበት።"

ጥፋቱ የሱ ነው ሲባል አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር፤ ይፈታዋል፣ ያስረዋል። አልተከላከልኩለትም።

እሑድ 23

አረንጓዴው ለምን እንደሆነ አስታወስኩ። አስታወስኩ ልበል እንጂ ረስቼው አላውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጆች እየመጡ ኮምፒውተሩ ላይ ይጫወቱ ነበር፤ አባዬ "ሚጣ፣ ይህን ነገር ከኔ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጊልኝ፤ አንቺም ጭምር፣ እስክጨርሰው" አለኝ። ከሥራ መግባቴ ነበር፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ቆሜ፣ በአንድ እጄ፣ "ጽሑፉ ይቆለፍ" የምትለዋን ሳጥን ምልክት አደረግኩባት። ሲስተሙ "የመፍቻውን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ" አለ። በኋላ የሚለውን ተጫንኩ። ለብዙ ቀን እየደጋገመ ጠየቀኝ። በኋላ፣ በኋላ፣ በኋላ። ከዚያ መጠየቁን ተወ።

አንድ ቀን ደግሞ "ጨረስኩ፣ ቁጭ በይና ላንብብልሽ" ብሎኛል። ስልክ ላይ ነበርኩ። "ነገ አባዬ" አልኩት መሰለኝ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም፣ ሰው ማስቸገር አይወድም።

ሰኞ 1

አዲስ ወር። የማውጫ ፕሮግራሙ ከዓርብ ማታ ጀምሮ እየሠራ ነው። አባዬ እንዳይነካው ኪቦርዱ ላይ ትራስ ጫንኩበት።

ሐሙስ 4

ጨረሰ። ከተሰረዘው አካውንት ያወጣልኝ፦ የአንድ ሙዚቃ ግማሽ፣ የአየር ሁኔታ ምስሎች፣ አንድ የቤት ዕቃ ማስታወቂያ። መፍቻው የለም። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው።

እንደገና አስጀመርኩት። ሌላ ነገር የማደርገው የለኝም።

ቅዳሜ 6

ዛሬ አባዬ "ተከፈተ?" አላለኝም።

ትናንትም አላለኝም። ከመቼ ጀምሮ እንደተወው ልቆጥር ብል አልቻልኩም። ጠዋት ወንበሩን አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደና ውጭ ውጭውን ሲያይ ቆየ። እውነቱን ልጻፍ፦ እፎይ አልኩ። የማይጠይቀኝ አባት አገኘሁ ብዬ እፎይ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ 10

ቀስ በል ሳልጠራው መጣ። "በዚሁ ሳልፍ" አለ፤ ቤቱ በሌላው አቅጣጫ ነው። አባዬን በሁለት እጁ ጨበጠው። አባዬ በትሕትና "እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና?" አለው፣ ያላወቀውን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አሁን።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አንድ ሁለት ነገር ጠቅ ጠቅ አደረገ። አካውንቱ የተከፈተበትን ቀን አየና እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

"ይሄ አካውንት አንድ ወሩ ነው" አለ።

"አዎ።"

"እኔ ጋ ስትመጪ ተሰርዞ ነበር።"

"ሦስት ቀኑ ነበር።"

"ያን ዕለት ብትነግሪኝ፣ 'አሁኑኑ አጥፊውና ዲስኩን ይዘሽልኝ ነይ' ነበር የምልሽ። በሦስት ቀን አብዛኛው ይተርፋል። አንቺ በላዩ ላይ ስትሠሪበት ከረምሽ፤ ፕሮግራሙንም የጫንሽው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። "እንዲህ ከሆነ ሽማግሌውን ለምን ትጠይቂያቸው ነበር?"

ውሃ አቀረብኩለት፣ ግማሹን ጠጥቶ ተነሳ። ቀስ በይ እንኳን አላለኝም።

ስለዚህ ይኸው፣ ሌላ የሚያነበው ስለሌለ እዚህ ልጻፈው። ፓስወርዱን የረሳው አባዬ ነው። የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ቅጂ ያላስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ማስጠንቀቂያውን ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ አካውንቱን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ ሆኖ ገና ሊድን ይችል ነበር፤ አንድ ቃል ዋሸሁና አለቀለት። ላለማፈር ብዬ።

እሑድ 14

ለምን እንደ አዲስ አንጽፈውም አልኩ። እሱ እየነገረኝ እኔ ብጽፍ፣ ሃያ ገጽም ቢሆን ሃያ ገጽ ነው። ከቁርስ በኋላ አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ "አባዬ፣ የምታውቀውን ሁሉ ንገረኝ" አልኩት።

ፊቱ በራ። እጁን ዘረጋና ጠረጴዛው ላይ ሳጥን እንዳለ አድርጎ ማሳየት ጀመረ። "ሀ እዚህ ነው፣ ላይኛው ረድፍ፣ ከግራ። ለ ከጎኑ። መ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለት ቤት አለው። ነ ደረትሽ ፊት መሆን አለበት፣ እጅሽ ሩቅ እንዳይሄድ። ጰ እና ፐ ሥር ናቸው፣ ማን ይፈልጋቸዋል?" እያንዳንዱን ፊደል ከነቤቱ፣ አንድም ሳይዘል። አምስት ገጽ ጻፍኩ። እጁ ባዶ አየር ላይ ፊደል እያነሳ ሲያስቀምጥ ፍጥነቱ ያስደንቃል።

"እማዬስ?" አልኩት።

"የማን እናት?"

የቀረውን ረድፍ ጻፍን።

ዓርብ 19

ጠዋት፣ ልወጣ ስል። አባዬ ኮቱን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ማብሪያ ፊት ለፊት። ማብሪያውን ወደ ታች ተጫነው። "አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት ገብቷል" አለ ጮክ ብሎ።

"ምን አልክ አባዬ?"

"ካርዴን መታሁ። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ዘግይቻለሁ እንዴ?"

የማተሚያ ቤቱ የሠራተኛ ቁጥሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋትና ማታ ሰዓቱ ላይ ካርድ ሲመታ የጠራው ቁጥር። እንዳመጣልኝ አይደለም የምለው፤ ፓስወርዱ እሱ እንደሆነ አወቅኩት። መጀመሪያ ቀን ኪቦርዱን ስሰጠው የሚያስታውሰውን ቁጥር እንዲመርጥ ነግሬው ነበር፣ ሲጽፈው ደግሞ ፊቴን አዙሬለታለሁ።

አምስት ሳምንት የጠየቅኩት ነገር ይኸው መጣ፤ የማስገባበት ቦታ የለኝም። መፍቻው የነበረበት አካውንት የለም። ቦርሳዬን ይዤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እሱም መጥቶ ራሴን ዳበሰኝ፤ "አይዞሽ፣ ለአለቃው እኔ እነግርልሻለሁ" አለኝ።

ሥራ አልሄድኩም። አዲሱ አካውንት ላይ ያንኑ ቁጥር ፓስወርድ አድርጌ አስገባሁት። ምንም አይጠቅምም። ቢያንስ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ይጻፍ ብዬ ነው።

ማክሰኞ 23

ዛሬ ጠዋት አባዬ ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ስንት ሳምንቱ ነው። ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቁጥሩን በአራት ጣት ጻፈ፣ ኮምፒውተሩም ተከፈተለት። እንደ ልጅ ደስ አለው። ፎልደሩን አገኘው። ከአረንጓዴዎቹ አንዱን፣ "የተጋባን ቀን የዘነበው" የሚለውን፣ ተጫነ። የምናውቃት መስኮት መጣች፦ አክሰስ ዲናይድ።

ለትንሽ ጊዜ አያት። "ዓይኔ ደክሟል" አለ። "ያንብቡልኝ።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ያቺን መስኮት እያየሁ ማንበብ ጀመርኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ዝናቡ ጠዋት እንደጀመረ፣ እማዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጭቃውን እንደተሻገረች፣ እሱ ከማተሚያ ቤት በተዋሰው ኮት ላይ ቀለም እንደነበረበትና እሷ ቀኑን ሙሉ እጇን እዚያ ላይ አድርጋ እንደሸፈነችለት። ግማሹን እማዬ ነግራኛለች፣ ግማሹን ፈጠርኩት። ድምፄ ሲቆራረጥ እየጠበቀ፣ ሲቀጥል ራሱን እየነቀነቀ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ጥሩ ጽሑፍ ነው" አለ። "ስሕተት የለበትም። የማን ነው?"

"የአንተ ነው አባዬ። አንተ ነህ የጻፍከው።"

ወደ እኔ ዞረ፤ ሰውን ላለማስከፋት ሲል የሚስቀውን ሳቅ ሳቀልኝ። "የለም፣ ተሳስተዋል" አለኝ። "የኔው ተቆልፎብኛል። ልጄ የዚህ ሥራ አዋቂ ናት፣ ስትመጣ ትከፍትልኛለች። እስከዚያ ካላስቸገርኩዎት፣ ከዚህ የሰው ጽሑፍ ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

ጨመርኩለት።